ቶንሲሉ ዳነ፣ ልቡስ?

"ትናንት በግራው ነበር፤ ዛሬ ወደ ቀኙ ዞረ" አለች እናትየው። ጤና መኮንኑ የልጁን ሱሪ ሰብስቦ ሁለቱን ጉልበቶች በመዳፉ ጀርባ ተራ በተራ ዳሰሰ። ቀኙ አብጧል፣ ይተኩሳል፤ ልጁ ገና ሳይነካው ፊቱን አጨፈገገ። ሌሊቱን ሲያስለቅሰው ያደረው ግራው ግን ምንም እንዳልነበረው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል።

"ከዚህ በፊት ጉሮሮውን አሞት ነበር?"

እናትየው ወደ ባሏ ዞረች። ጉልበት ልታሳይ መጥታ ስለ ጉሮሮ ትጠየቃለች። "እሱማ ሽንኩርት ስንነቅል ሰሞን እንጥሉ ወርዶበት ነበር፣ ዶክተር። አስቆረጥነው፤ ተሻለው።"

"ስንት ሳምንት ይሆነዋል?"

"ሦስት ሞልቶታል። ኧረ ለማርያም አራት ይሆነዋል" አለ አባትየው።

ጤና መኮንኑ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ከልጁ ግራ ጡት ሥር አኖረና ዝም አለ። ወላጆቹ ጉልበቱን ትቶ ልቡን ለምን እንደሚያዳምጥ አልገባቸውም። ከጉሮሮው እስከ ጉልበቱ ባሉት በእነዚያ ሦስት አራት ሳምንታት ውስጥ በልጁ ሰውነት የሆነው ነገር ግን ሐኪሙን ያሳሰበው ከጉልበቱ ይልቅ ለልቡ ነው።

ጤና ጣቢያው ከቆጋ መስኖ ቦይ አይርቅም። የቆጋ ወንዝ መራዊ ከተማ አጠገብ ተገድቦ 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት ያጠጣል፤ የተረፈው ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይወርዳል። በፊት በበጋ የከብት መዋያ ብቻ የነበረው የሜጫ ሜዳ አሁን በየካቲት ስንዴና ሽንኩርት ያበቅላል። ባሕር ዛፉም ገንዘብ ሆኗል። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ተለውጧል፤ ሞባይል የሌለው ቤት እየጠፋ ነው። ማታ ሲሆን ግን ብዙው ቤተሰብ አሁንም አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ልጆቹ መደብ ላይ ተደርድረው፣ አንድ ጋቢ ለሦስት ተከፋፍለው። ቀን ደግሞ ጠባብ ክፍል ውስጥ በብዛት ታጭቀው ይማራሉ። የዚህ ታሪክ መነሻ የሆነው ጀርም ከዚህ የተሻለ አይመኝም።

ስሙ ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። በሳልና በማስነጠስ፣ ተጠጋግቶ በመተኛት ይተላለፋል። አብዛኛው የልጆች የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣና በራሱ የሚለቅ ነው፤ የዚህኛውም ቢሆን በሳምንት ውስጥ ቶንሲሉ ይጎድላል፣ ልጁ ይበላል፣ ወደ ከብቱ ይመለሳል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጀርሙ ላዩ ላይ ኤም የሚባል ፕሮቲን አለው፤ የዚህ ፕሮቲን አንዳንድ ክፍል በልብ ጡንቻና በልብ ክዳን ላይ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት ጀርሙን ለመግደል ያሰለፋቸው ፀረ እንግዳ አካላትና ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሙ ከጠፋ በኋላም ሥራቸውን አያቆሙም። ሌባ አባሮ የተመለሰ የግቢ ውሻ በጨለማ የባለቤቱን ልጅ እንደሚነክስ፣ የገዛ ሰውነታቸውን ልብ፣ መገጣጠሚያ፣ አንዳንዴም አንጎል ያጠቃሉ። ሐኪሞች ሩማቲክ ፊቨር ይሉታል። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው።

ሳይታከም ከቀረ የስትሬፕ ቶንሲል ውስጥ ወደዚህ የሚሸጋገረው ቢበዛ 3 በመቶ ያህሉ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ሕፃን ሁሉ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ጉሮሮው በሚታመምበት አገር ትንሽ አይደለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ዛሬ ብዙ ወጣት ሐኪም በሽታውን የሚያውቀው በመጽሐፍ ነው። እዚያ መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት፣ ሰው ሰፋ ባለ ቤት መኖር ሲጀምር ነበር። እኛ ዘንድ ብርቁ በሽታው አይደለም፤ ብርቁ በጊዜው ስሙን የሚጠራለት ሰው ማግኘቱ ነው።

ወደ እንጥሉ ልመለስ። በጎጃም ገጠር፣ በሌላውም የአማራ ክልል፣ የልጅ ጉሮሮ ሲያም "እንጥሉ ወረደ" ይባላል። መፍትሔው ወደ አዋቂው መውሰድ ነው። አንዱ በምላጭ፣ ሌላው በፈረስ ጭራ ቋጥሮ እንጥሉን ይቆርጣል፤ ቶንሲል በጥፍር የሚያፈርጡም አሉ። ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት እየተባለ ሲወገዝ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ስለ መድማቱ፣ ስለ ቴታነሱ፣ ስለ ኤችአይቪው በቂ ተብሏል። ያልተባለው ነገር ይህ ነው፦ ልማዱ እንደሚሠራ ሆኖ ይታያል። ልጁ ይቆረጣል፤ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ይወርዳል፣ እንጀራ ይጠይቃል። ባይቆረጥም በዚያው ቀን ይሻለው ነበር፤ ይህን ማን ያያል? ጀርሙ ግን እንጥል ላይ አልነበረም፤ ባለበት ቆይቶ ሥራውን ጨርሷል። ስትሬፕ ቶንሲል ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ሩማቲክ ፊቨርን መከላከል ይቻላል። ያ ዘጠኝ ቀን በየቤቱ የሚያልፈው "ተቆርጦለት ተሻለው" እየተባለ ነው።

ወላጆችን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ፊቴን የማዞረው ወደ ጤና ሥርዓቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የገጠሩን ሕፃን ሕይወት ለውጧል፤ ክትባቱ፣ የተቅማጥና የሳንባ ምች ሕክምናው ቀበሌ ድረስ ወርዷል። የጤና ኬላዋ እህት የታመመ ልጅ ስታይ የምትከተለው መመሪያ ግን የተጻፈው ከ5 ዓመት በታች ላሉት ነው። ሩማቲክ ፊቨር ደግሞ በብዛት የሚጀምረው አምስት ከሞላ በኋላ ነው። ክትባቱን ጨርሶ ከብት የሚጠብቀው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ልጅ በማንም መዝገብ ላይ የለም።

ጤና ጣቢያ ከደረሰም በኋላ በሽታው ቶሎ አይያዝም። ትኩሳት ያለውና መገጣጠሚያውን የሚያመው ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታዘዘው የወባ ምርመራ ነው፤ ይህ ተገቢ ነው፣ ሜጫና ቡሬ የወባ አገር ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ነው። በእኛ አገር ይህ የደም ምርመራ "የለብህም" የሚለው ሰው የጠፋ ይመስላል። ልጁ ታይፎይድ ተብሎ ኪኒን ይሰጠዋል፤ ለሕመሙ የዲክሎፍናክ መርፌ ይወጋል፤ በማግስቱ ጉልበቱ ይለቀዋል። እዚህ ላይ መርፌው ማስረጃውን ያጠፋል። የሩማቲክ ፊቨር ትልቁ ምልክት ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን እየተዘዋወረ መሄዱ ሲሆን፣ ማስታገሻው ቶሎ ከተሰጠ መዘዋወሩ ይቆማል፤ ሐኪሙም የሚያየው አንድ ያበጠ ጉልበት ብቻ ይሆናል። ቤት ውስጥ ደግሞ "ብርድ መታው" ይባላል። ቁርጥማት የሽማግሌ ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጅን የሚጠረጥረው የለም።

በሽታውን በአንድ የደም ምርመራ መለየት አይቻልም። አሜሪካዊው ሐኪም ዳኬት ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1944 ያወጣው መመዘኛ እስከ ዛሬ እየታደሰ ያገለግላል፤ ዋና ዋና ምልክቶችና ንዑስ ምልክቶች ተደምረው፣ ከስትሬፕ ማስረጃ ጋር ተያይዘው ውሳኔ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሻሻል በሽታው በበዛባቸው አገሮች ላሉ ልጆች መስፈርቱ ላላ፦ በብዙ መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ሕመም ብቻ፣ እብጠት ባይኖርም፣ እንደ ዋና ምልክት ተቆጠረ፤ የትኩሳቱም ልክ ወደ 38 ዲግሪ ወረደ። ለቆጋ ጤና መኮንን የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ማዳመጫ፣ ቴርሞሜትር፣ የተሟላ ጥያቄ፣ ከተቻለም የደም ዝቃጭ ምርመራ ካለው ጥርጣሬውን እዚያው መጀመር ይችላል። የልብ አልትራሳውንዱ ባሕር ዳር ነው፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል። ጥያቄው ግን ብር አያስወጣም፦ "ከሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮውን አሞት ነበር?"

አንዳንዴ ጉልበቱ ጨርሶ አይታመምም። አንዲት የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ጽዋ ከእጇ መውደቅ ይጀምራል። እጇ ሳታዘው ይወራጫል፣ ፊቷ ይኮሳተራል፣ ምላሷን ላውጣ ብትል ወዲያው ወደ አፏ ይመለስባታል፣ የጻፈችው ፊደል አይነበብም። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች። እንቅልፍ ሲወስዳት ግን ሁሉም ጸጥ ይላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል፤ የሲደንሃም ኮሪያ ይባላል። ፀረ እንግዳ አካላቱ ያረፉት አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን በሚገራው ክፍል ላይ ነው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴት ልጆችን ይመርጣል፤ ከቶንሲሉ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ ከሚፈትሽባቸው መንገዶች አንዱን የሜጫ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ልጅቷ ጣቱን ጥብቅ አድርጋ እንድትይዝለት ይነግራታል፤ እጇ ጠበቅ ላላ፣ ጠበቅ ላላ ይላል፣ ላም እንደሚያልብ ሰው። ምልክቱ በሕክምና መጽሐፍም የላም አላቢ አያያዝ ነው የሚባለው።

እንዲህ የሆነች ልጅ መጀመሪያ የምትወሰደው ወደ ጠበል ነው። "ቡዳ በልቷት ነው"፣ "ለክፏት ነው" ይባላል። ሳምንታት ጠበል ትጠመቃለች፤ ብዙውን ጊዜ ይተዋታል። ኮሪያ በተፈጥሮው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ የሚለቅ ነው። ቤተሰቡ ተስሎ የነበረውን ያስገባል፣ ደስ ይለዋል፤ ልቧን ግን ማንም አላዳመጠውም። ይህን ስል ጠበሉን ለመንቀፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ሲናገሩ ብዙ ሰው ከመሞት ድኗል። የሚወራጩ ልጆችን በየጠበሉ የሚያዩ ካህናት "ሐኪም ልቧን አይቶታል ወይ?" የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ከማናችንም ቀድመው በሽታውን የሚለዩት እነርሱ ይሆናሉ።

ይኸው ጀርም በቆዳም ይገባል። በ2007 እና 2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልል የተስፋፋውን እከክ ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ታይቶ ሲሶው ያህል እከክ ተገኝቶበታል። የታከከ ቆዳ ይቆስላል፣ ቁስሉ ላይ ስትሬፕ ያድራል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የልጁ ፊት ጠዋት ጠዋት ማበጥ፣ ሽንቱም የሻይ ቀለም መያዝ ይጀምራል። ያ ደግሞ የኩላሊት ነው፤ በሽታ ተከላካዩ አካል የሠራው ሌላ ጥፋት። አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ፣ ነገር ግን የደም ግፊታቸውን የሚለካ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ልብ ላይ የደረሰው ግን አይመለስም። አንድ ጊዜ የተጠቃ ልጅ ጉሮሮው ዳግመኛ በስትሬፕ በታመመ ቁጥር በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል፤ ባገረሸ ቁጥርም የልቡ ክዳን ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፣ ወይ አይዘጋም ወይ አይከፈትም። ዓመታት ያለ ምልክት ያልፋሉ። ጅማ ከተማ ውስጥ ጤነኛ ናቸው የተባሉ ተማሪዎች በአልትራሳውንድ ሲታዩ ከሺህ 31ዱ ላይ በሽታው ተገኝቷል፤ በዚያው ጥናት በኬፕ ታውን ልጆች ላይ ከሺህ 20 ነበር። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2006 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አጭር ጽሑፍ በገጠር ኢትዮጵያ የሩማቲክ የልብ ሕመም ካለባቸው ሰዎች በየዓመቱ 12.5 በመቶው እንደሚሞቱ አስፍሯል። ዶክተር ከበደ ኦሊና ባልደረባቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በሽታው በኢትዮጵያ የበለጠ ጨካኝ ይሆን ወይ ብለው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጠይቀዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ጭካኔው የጀርሙ አይደለም፤ ልጁ ሐኪም ፊት የሚቀርበው እግሩ አብጦ፣ ሆዱ ውኃ ይዞ፣ ማታ ተደግፎ ካልሆነ መተኛት ሲያቅተው ስለሆነ ነው።

ያን ጊዜ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው፤ እሱም ሩቅ ነው። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ መጀመሪያ ላይ ልጆችን ወደ ውጭ አገር እየላከ ያሳክም ነበር፤ በኋላ በጥቁር አንበሳ ግቢ የራሱን የልብ ማዕከል ከፍቷል። ማዕከሉ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ የተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ግን በሺዎች ነው። ክዳኑ በብረት የተተካለት ልጅ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ደም ማቅጠኛ ይውጣል፣ የደሙን የመቅጠን ልክ በየጊዜው ያስለካል፤ አንድ ሰሞን ጎመን አብዝቶ አንድ ሰሞን ቢተው እንኳ ልኩ ይዛባል።

የሴት ልጆቹ ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። በምዕራብ ጎጃም ልጅ ቶሎ መዳር ሙሉ በሙሉ አልቀረም። የልቧ ክዳን ጠቦ ሳታውቀው ያደገች ልጅ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ላይ ትደርሳለች። በእርግዝና የደሟ መጠን በግማሽ ገደማ ይጨምራል፤ ጠባቡ ክዳን ያን ያህል ደም ማሳለፍ ስለማይችል ወደ ሳንባዋ ይመለሳል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። "እርግዝናው ከብዷት ነው" ይባላል።

ይህን ሁሉ ማስቀረት የሚቻለው በአንድ አሮጌ መድኃኒት ነው፦ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። ሲስተሯ ነጭ ዱቄት ያለበትን ብልቃጥ ከፍታ ውኃ ትጨምርበታለች፤ ትነቀንቀዋለች፤ ወተት ይመስላል፣ ግን ይወፍራል። ቶሎ ካልተወጋ መርፌው ውስጥ ይረጋል፣ ይደፍናል፤ ስለዚህ ብልቃጡን በመዳፏ እያሞቀች ነው የምትስበው። ልጁ 27 ኪሎ ካልሞላ 600,000 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 1.2 ሚሊዮን። ታፋ ወይም መቀመጫ ላይ፣ በዝግታ። ያማል። ልጁ ያን ቀን ያነክሳል። ይህ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይደጋገማል፤ ልቡ ተጎድቶ ከሆነ ቢያንስ አሥር ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ የረዘመው ይወሰዳል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። በሰሜን ኡጋንዳ በ818 ልጆች ላይ የተደረገው ሙከራ እንዳሳየው፣ በሽታው ሳይታወቅ ከጀመራቸው ልጆች መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ የባሰባቸው መርፌውን ከወሰዱት 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ናቸው። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም።

መርፌውን ግን ብዙ ባለሙያ ይፈራዋል። አንድ ልጅ ተወግቶ ወዲያው ሞተ የተባለበት ወሬ ወረዳውን ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያው "ሆስፒታል ሂዱ" ማለት ይጀምራል። የፔኒሲሊን አለርጂ አለ፤ ግን ብርቅ ነው፣ አድሬናሊን ከጎን ይቀመጥለታል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው፣ ከመርፌው በኋላ ከደረሱት ሞቶች ብዙዎቹ አለርጂ ሳይሆኑ ልባቸው አስቀድሞ ክፉኛ የተዳከመ ሕሙማን ላይ የደረሱ የልብ መቆሞች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ለእነዚያ ሕሙማን በኪኒን የሚዋጠው ፔኒሲሊን ይመረጣል። ለቀረው ልጅ መርፌውን መከልከል ደኅንነት አይደለም። ኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጉሮሮውን የታመመን ልጅ በየጤና ጣቢያው በአንድ መርፌ ማከም ጀምራ በሽታውን ከሞላ ጎደል አጥፍታዋለች። የአፍሪካ አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2015 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በወጣ የጋራ መግለጫ መድኃኒቱ እንዳይጠፋ ቃል ገብተዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ያ ቃል ሜዳ ላይ ተፈትኗል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑ ሲቋረጥ በቀናት ይታወቃል፤ ይህ ልጅ መርፌው ሁለት ወር ቢያልፈው ምንም አይታይበትም። አይጮህም፣ አያቃጥለውም። ስለዚህ ማንም አይፈልገውም። መዝገብ ያለው ጤና ጣቢያ የቀረውን ልጅ በስልክ ይጠራል፤ መዝገብ የሌለው ልጁ መቅረቱንም አያውቅም።

ቀጠሮ መስጠትም ብልሃት ይጠይቃል። ለገጠር እናት "ከ28 ቀን በኋላ" ማለት ምንም አይነግራትም። "በሚቀጥለው ሚካኤል" ካሏት ግን አትረሳም፤ ያን ቀን ሞፈር አይነሳም፣ ባሏም በቅሎውን ይለቅላታል። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ነው፤ የመድኃኒቱ ኃይል ደግሞ ሦስት ሳምንት ካለፈው በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ በየሚካኤሉ የምትመጣ እናት በየወሩ ሁለት ቀን ታሳልፋለች። ይህን የምታውቅ ሲስተር ቀጠሮውን በየበዓሉ ወደ ኋላ ታስኬደዋለች፦ ዘንድሮ በሚካኤል የተጀመረው ቀስ እያለ ወደ አቦ፣ ከአቦ ወደ ልደታ ይጠጋል፤ ካርዱ ላይም ከቁጥሩ አጠገብ የበዓሉን ስም ትጽፍለታለች።